የዳግም ዘር ራሽናልነትና ኢራሽናልነት

የአንድ ቁጥር ዳግም ዘር በራሱ ሲባዛ ያንኑ ቁጥር መልሶ የሚሰጥ ቁጥር ነው። በተማሪዎች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ስኩዌር ሩት በሚለው ስም ሲሆን ምልክቱ √ ነው። 5 × 5 = 25 ስለሆነ √25 = 5 ነው። ዳግም ዘር ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የሁለት ድፍን ቁጥሮች ክፍልፋይ ሆኖ በትክክል ሊጻፍ ከቻለ ራሽናል ይባላል፤ ካልቻለ ኢራሽናል ይባላል። √25 ራሽናል ነው። √2 ግን ኢራሽናል ነው፤ ላዕሉና ታህቱ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆኑ በራሱ ተባዝቶ በትክክል 2 የሚሆን ክፍልፋይ የለም።

አንድ ዳግም ዘር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከምልክቱ ሥር ያለውን ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች በመበተን ነው። በካልኩሌተር መስኮት ላይ የሚታየው አስርዮሽ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ርዕሱ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በ9ኛ ክፍል ሒሳብ ስለ ቁጥሮች ሥርዓት በሚያወሳው ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል።

ስያሜ

ራሽናል የሚለው ቃል የመጣው ንጽጽር ወይም ሬሾ ከሚለው ቃል ነው። ራሽናል ቁጥር ማለት የሁለት ድፍን ቁጥሮች ሬሾ ነው፤ ታህቱ ግን 0 መሆን አይችልም። 3፣ -7፣ 2/5፣ 1.5 እና 0.333... ሁሉም ራሽናል ናቸው፤ 3 = 3/1፣ 1.5 = 3/2፣ 0.333... = 1/3 ተብለው ይጻፋሉና። ኢራሽናል ማለት እንግዲህ «ሬሾ የሌለው» ማለት ነው። ቃሉ በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ «ከምክንያት የራቀ» የሚል ትርጉም ስላለው አንዳንድ ተማሪ ኢራሽናል ቁጥርን ትክክለኛ ያልሆነ ወይም በእውን የሌለ ቁጥር አድርጎ ይወስደዋል። ይህ ስሕተት ነው። √2 በቁጥር መስመር ላይ የራሱ የሆነ አንድ ቋሚ ቦታ አለው፤ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ ከጥግ እስከ ትይዩ ጥግ ሲለካ ርዝመቱ በትክክል √2 ሜትር ነው።

ዋናው ሕግ

ለመቁጠሪያ ቁጥሮች ማለትም ለ1፣ 2፣ 3፣ 4 ... ሕጉ አጭር ነው። ቁጥሩ ፍጹም ካሬ ከሆነ ዳግም ዘሩ ድፍን ቁጥር ነው፤ ፍጹም ካሬ ካልሆነ ዳግም ዘሩ ኢራሽናል ነው። መሐል ላይ የሚገኝ ሦስተኛ ዓይነት የለም። የአንድ መቁጠሪያ ቁጥር ዳግም ዘር 4 ከ1/2 ወይም 7 ከ2/3 ሊሆን በፍጹም አይችልም።

ፍጹም ካሬ የሚባሉት ድፍን ቁጥርን በራሱ በማባዛት የሚገኙት ናቸው፤ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25፣ 36፣ 49፣ 64፣ 81፣ 100 እያለ ይቀጥላል። ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች መካከል ዳግም ዘራቸው ራሽናል የሆኑት እነዚህ 10 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት የ90ዎቹ ኢራሽናል ነው። ከ1 እስከ 10,000 ካሉት ደግሞ ፍጹም ካሬዎች 100 ብቻ ናቸው። ቁጥሮቹ እየጨመሩ ሲሄዱ ራሽናል ዳግም ዘር ያላቸው እየሳሱ ይሄዳሉ።

በግዕዝ አኃዝ ይህ ግንኙነት በዓይን ይታያል። የመቶ ምልክት ፻ ነው፤ የአሥር ሺህ ምልክት ፼ ደግሞ ሁለት ፻ ተያይዘው የተጻፉበት ነው። መቶ በመቶ ሲባዛ አሥር ሺህ ስለሚሆን የ፼ ዳግም ዘር ፻ ነው።

እንዴት ይለያል

1. በብቸኛ ቁጥሮች መበተን። ብቸኛ ቁጥር ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 የመሳሰሉት ናቸው። ቁጥሩ የብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሆኖ ይጻፋል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደገባ ይቆጠራል። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆነው ካለቁ ዳግም ዘሩ ራሽናል ነው። ጥንድ ያጣ አንድ እንኳ ከቀረ ኢራሽናል ነው።

144 = 2 × 2 × 2 × 2 × 3 × 3። 2 አራት ጊዜ፣ 3 ሁለት ጊዜ ገብተዋል። ሁሉም ጥንድ አላቸው፤ √144 = 2 × 2 × 3 = 12፣ ራሽናል።

1,225 = 5 × 5 × 7 × 7። ሁሉም ጥንድ አላቸው፤ √1,225 = 5 × 7 = 35፣ ራሽናል።

72 = 2 × 2 × 2 × 3 × 3። 2 ሦስት ጊዜ ስለገባ አንዱ ጥንድ አጥቷል፤ √72 = 2 × 3 × √2 = 6√2፣ ኢራሽናል።

2. በሁለት ተከታታይ ካሬዎች መሐል ማስገባት። ቁጥሩ ለመበተን አስቸጋሪ ከሆነ በአቅራቢያው ያሉትን ፍጹም ካሬዎች መፈለግ ይበቃል። የኢትዮጵያ 2017 ዓ.ም. አብዛኛው ክፍል ከፈረንጆቹ 2025 ጋር የገጠመ ነበር። 45 × 45 = 2,025 ስለሆነ √2,025 ራሽናል ነው። 44 × 44 = 1,936 ሲሆን 2,017 በ1,936ና በ2,025 መሐል ይወድቃል። በ44ና በ45 መካከል ሌላ ድፍን ቁጥር ስለሌለ 2,017 ፍጹም ካሬ አይደለም፤ √2,017 ኢራሽናል ነው። ያ ዓመት በአንደኛው አቆጣጠር ራሽናል፣ በሌላው ኢራሽናል ዳግም ዘር ነበረው ማለት ነው።

3. የመጨረሻውን አኃዝ ማየት። ፍጹም ካሬ የሚያልቀው በ0፣ በ1፣ በ4፣ በ5፣ በ6 ወይም በ9 ብቻ ነው። ስለዚህ በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 የሚያልቅ መቁጠሪያ ቁጥር ዳግም ዘሩ ኢራሽናል መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። በዜሮ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ በመጨረሻው ያሉት ዜሮዎች ብዛት ተጋማሽ ካልሆነ ፍጹም ካሬ አይሆንም፤ √5,000 በዚህ ብቻ ኢራሽናል እንደሆነ ይታወቃል። ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ቁጥሮችን ለመጣል ነው። በ4 ወይም በ6 የሚያልቅ ቁጥር ሁሉ ፍጹም ካሬ አይደለም፤ 14ና 26 ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

የ√2 ማረጋገጫ

√2 ራሽናል ነው እንበል። እንግዲያው √2 = ሀ/መ የሚሆኑ ሀ እና መ የሚባሉ ሁለት መቁጠሪያ ቁጥሮች አሉ ማለት ነው። ክፍልፋዩ እስከ መጨረሻው ተቃሎ ከ1 በቀር ሀንና መን አብሮ የሚያካፍል ቁጥር አልቀረም ብለን እንውሰድ።

ሁለቱም ወገን በራሳቸው ሲባዙ 2 = ሀ²/መ² ይሆናል፤ ማለትም ሀ² = 2 × መ²። ስለዚህ ሀ² ተጋማሽ ቁጥር ነው። ተጋማሽ ያልሆነ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ምን ጊዜም ተጋማሽ ያልሆነ ቁጥር ስለሚሰጥ ሀ ራሱ ተጋማሽ መሆን አለበት። ሀ = 2ረ ብለን እንጻፍ። እንግዲህ 4 × ረ² = 2 × መ² ይሆናል፤ በ2 ሲካፈል መ² = 2 × ረ²። በዚያው ምክንያት መም ተጋማሽ ነው።

ሀም መም ተጋማሽ ከሆኑ 2 ሁለቱንም ያካፍላቸዋል። ክፍልፋዩ እስከ መጨረሻው ተቃሏል ብለን ግን ተነሥተን ነበር። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ስለማይችሉ መነሻው ሐሳብ ውሸት ነው፤ √2 ራሽናል ሊሆን አይችልም።

አጠቃላይ ማረጋገጫ

ይኸው አካሄድ ለማንኛውም መቁጠሪያ ቁጥር ይሠራል። ከዳግም ዘር ምልክቱ ሥር ያለው ቁጥር ቀ ይሁንና √ቀ = ሀ/መ ነው እንበል። ከዚህ ሀ² = ቀ × መ² ይገኛል። ማንኛውም ቁጥር በራሱ ሲባዛ በውስጡ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ በእጥፍ ስለሚሆኑ በሀ² ውስጥም በመ² ውስጥም እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር የሚገባው ተጋማሽ ለሆነ ጊዜ ነው።

አሁን በቀ ውስጥ ጥንድ ያጣ አንድ ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል። ያ ብቸኛ ቁጥር በእኩል ምልክቱ ግራ በኩል ተጋማሽ ለሆነ ጊዜ፣ በቀኝ በኩል ግን ተጋማሽ ላልሆነ ጊዜ ይገባል። አንድ ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች የሚበተንበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሊሆኑ አይችሉም፤ √ቀ ኢራሽናል ነው። ከላይ የተሰጠው የጥንድ ቆጠራ ዘዴ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍልፋዮችና አስርዮሾች

ከምልክቱ ሥር ያለው ክፍልፋይ ከሆነ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይቃለላል። ከተቃለለ በኋላ ላዕሉም ታህቱም ፍጹም ካሬ ከሆኑ ዳግም ዘሩ ራሽናል ነው፤ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ካልሆነ ኢራሽናል ነው። ማቃለሉን መዝለል ያሳስታል። 8ም 18ም ፍጹም ካሬ አይደሉም፤ 8/18 ግን ሲቃለል 4/9 ስለሚሆን √(8/18) = 2/3 ነው።

አስርዮሽ ከሆነ ወደ ክፍልፋይ ይለወጣል።

√0.04 = √(4/100) = 2/10 = 0.2፣ ራሽናል።

√0.4 = √(2/5)፣ ኢራሽናል።

√2.25 = √(9/4) = 3/2 = 1.5፣ ራሽናል።

√0.9 = √(9/10)፣ ኢራሽናል።

√0.444... = √(4/9) = 2/3፣ ራሽናል።

ከእነዚህ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በ√0.4ና በ√0.9 ላይ ነው። 4ንና 9ን ያየ ሰው መልሱን 0.2ና 0.3 ሊል ይቸኩላል፤ ነገር ግን 0.2 × 0.2 = 0.04፣ 0.3 × 0.3 = 0.09 ነው።

ካልኩሌተር ለምን አይወስንም

ኢራሽናል ቁጥር በአስርዮሽ ሲጻፍ አያልቅም፤ የተወሰኑ አኃዞችን እየደጋገመም አይሄድም። √2 = 1.41421356237... እያለ ይቀጥላል። ካልኩሌተር ግን የሚያሳየው 8 ወይም 10 አኃዝ ያህል ብቻ ስለሆነ የቀረው ምን እንደሚመስል አይናገርም። ይህ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳስታል።

በአንድ በኩል ራሽናል ቁጥር ኢራሽናል መስሎ ሊታይ ይችላል። 1/17 = 0.0588235294117647... ሲሆን አኃዞቹ መደገም የሚጀምሩት ከ16ኛው በኋላ ነው። ባለ 10 አኃዝ መስኮት ላይ ድግግሞሹ አይታይም።

በሌላ በኩል አንድ ክፍልፋይ √2ን መስሎ ሊታይ ይችላል። 665,857/470,832 ባለ 10 አኃዝ መስኮት ላይ 1.414213562 ይላል፤ √2ም እንዲሁ 1.414213562 ይላል። ሆኖም 665,857² = 443,365,544,449 ሲሆን 2 × 470,832² = 443,365,544,448 ነው። ልዩነቱ 1 ብቻ ነው፤ ግን እኩል አይደሉም። በፈተና √2 = 1.414 ብሎ መጻፍ ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ √2 ≈ 1.414 ነው።

በፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ የሚገኘው ኤ4 ወረቀት ለዚህ የሚጨበጥ ምሳሌ ነው። መጠኑ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀቱ በቁመቱ መሐል ለሁለት ሲከፈል ግማሹም ያንኑ ቅርጽ እንዲይዝ የቁመቱና የወርዱ ሬሾ √2 መሆን አለበት። √2ን ግን በድፍን ሚሊ ሜትሮች መስጠት ስለማይቻል በተግባር የተወሰደው 297/210 = 99/70 = 1.41428... ነው። 99² = 9,801፣ 2 × 70² = 9,800፤ እዚህም በ1 ተላልፈዋል።

በመሬትና በግንባታ ልኬት

በኢትዮጵያ ደጋ ገጠር የእርሻ መሬት ስፋት በጥማድ ይነገራል። ጥማድ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ብዙ ጊዜ እንደ ሩብ ሄክታር ማለትም እንደ 2,500 ካሬ ሜትር ይቆጠራል። ለምሳሌ በደቡብ ጎንደር በስማዳ ወረዳ በወገዳ አካባቢ አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው ማሳ ቢኖር የጎኑ ርዝመት እንደሚከተለው ይሆናል።

1 ጥማድ፦ √2,500 = 50 ሜትር፣ ራሽናል።

2 ጥማድ፦ √5,000 = 50√2 ≈ 70.71 ሜትር፣ ኢራሽናል።

3 ጥማድ፦ √7,500 = 50√3 ≈ 86.60 ሜትር፣ ኢራሽናል።

4 ጥማድ፦ √10,000 = 100 ሜትር፣ ራሽናል።

5 ጥማድ፦ √12,500 = 50√5 ≈ 111.80 ሜትር፣ ኢራሽናል።

9 ጥማድ፦ √22,500 = 150 ሜትር፣ ራሽናል።

ስፋቱ በእጥፍ ሲያድግ ጎኑ በእጥፍ አያድግም፤ ጎኑ እጥፍ ቢሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የ2 ጥማዱን ማሳ በ70 ሜትር ጎን የለካ ሰው 4,900 ካሬ ሜትር ስለሚያገኝ 100 ካሬ ሜትር ይጎድልበታል። በ71 ሜትር የለካ 5,041 ካሬ ሜትር ያገኛል፤ 41 ካሬ ሜትር ወደ ጎረቤቱ ይገፋል። በ70.71 ሜትር ቢለካ ጉድለቱ ከ0.1 ካሬ ሜትር ያነሰ ነው። ለእርሻ ይህ ይበቃል። ሆኖም በሜትር ላይ ምንም ያህል አኃዝ ቢጨመር 5,000 በትክክል አይደረስም።

በአስርዮሽ በትክክል የማይጻፈው ርዝመት በገመድ ግን በቀላሉ ይገኛል። ባለ 50 ሜትሩ ካሬ ከጥግ እስከ ትይዩ ጥግ በሰያፍ ሲለካ ርዝመቱ 50√2 ሜትር ነው። በዚህ ሰያፍ ላይ አዲስ ካሬ ቢሠራ ስፋቱ በትክክል 2 ጥማድ ይሆናል። ምክንያቱም ሰያፉ የመጀመሪያውን ካሬ ለሁለት እኩል ጎነ ሦስት ሲከፍለው አዲሱ ካሬ እንደዚያ ያሉ አራት ጎነ ሦስቶችን ይይዛል።

ተመሳሳይ ነገር በክብ ቤተ ክርስቲያን አሠራር ይታያል። በጎንደርና በሌላውም የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ ክብ ናቸው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተከታትለው ይገኛሉ፤ በመሐል ያለው መቅደስ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። የመቅደሱ ጎን 6 ሜትር የሆነ ካሬ ቢሆን አራቱንም ጥጎች የሚነካው ክብ ከዳር እስከ ዳር 6√2 ሜትር ወይም ወደ 8.49 ሜትር ይሆናል። ይህን ክብ ለማስመር ዳግም ዘር ማስላት አያስፈልግም፤ በመሐል ችካል ተክሎ ገመዱን እስከ አንዱ ጥግ መወጠርና መዞር ይበቃል።

ግንበኞችና አናጺዎች ቀጥ ያለ ማዕዘን ለማውጣት 3፣ 4 እና 5 ሜትርን የሚመርጡት ደግሞ ዳግም ዘሩ ራሽናል ስለሚሆን ነው፤ √(3² + 4²) = √25 = 5። 6፣ 8፣ 10 እና 5፣ 12፣ 13ም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱ ጎኖች 3ና 3 ሜትር ቢሆኑ ግን ሰያፉ √18 = 3√2 ስለሚሆን በሜትር ላይ በትክክል ምልክት የሚደረግበት ቦታ አይገኝም።

ዳግም ዘሮችን መደመርና ማባዛት

ሁለት ኢራሽናል ቁጥሮች ሲባዙ ወይም ሲካፈሉ ውጤቱ ራሽናል ሊሆን ይችላል። √2 × √8 = √16 = 4፤ √50 ÷ √2 = √25 = 5። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም፤ √2 × √3 = √6 ኢራሽናል ነው። ስለዚህ ከመወሰን በፊት ማቃለል ያስፈልጋል።

ራሽናል ቁጥር ከኢራሽናል ጋር ሲደመር ውጤቱ ምን ጊዜም ኢራሽናል ነው። 3 + √2 ራሽናል ቢሆን ኖሮ ከእርሱ ላይ 3 ሲቀነስ የሚቀረው √2ም ራሽናል በሆነ ነበር።

√2 + √3ም ኢራሽናል ነው። በራሱ ሲባዛ 5 + 2√6 ይሆናል፤ ድምሩ ራሽናል ቢሆን ኖሮ √6ም ራሽናል ይሆን ነበር፤ 6 ግን ፍጹም ካሬ አይደለም።

የመደመር ምልክት ከዳግም ዘር ሥር ሲገኝ ቁጥሮቹን ለየብቻ ማውጣት አይፈቀድም። √(9 + 16) = √25 = 5 ነው፤ √9 + √16 ግን 3 + 4 = 7 ነው።

ታሪክ

የ√2 ግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1800 እስከ 1600 ባለው ጊዜ አካባቢ በባቢሎን በተሠራ የሸክላ ጽላት ላይ ይገኛል። ጽላቱ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ካሬና ሰያፎቹ ተስለውበታል፤ በባቢሎናውያን የ60 አቆጣጠር የተጻፈው ቁጥር በዛሬው አጻጻፍ ወደ 1.414213 ይጠጋል። በጥንት ሕንድ ስለ መሠዊያ አሠራር በተጻፉ ድርሳናት ደግሞ 577/408 ተሰጥቷል፤ ይህም ወደ 1.414216 ይጠጋል። ሁለቱም ግምቶች ለሥራ የሚበቁ ናቸው።

ትክክለኛ ክፍልፋይ ጨርሶ እንደማይገኝ የታወቀው በጥንት ግሪኮች ዘንድ ነው። ግኝቱ ብዙ ጊዜ ከፓይታጎረስ ተከታዮች ጋር ይያያዛል። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ሂፓሰስ ይህን ምሥጢር በማውጣቱ ባሕር ውስጥ ሰጠመ የሚል አፈ ታሪክም አለ። ፕላቶ ቲኤቴተስ በተባለው ድርሳኑ የቀሬናው ቴዎዶረስ ስለ 3፣ ስለ 5 እና እስከ 17 ድረስ ስላሉት ፍጹም ካሬ ያልሆኑ ቁጥሮች ዳግም ዘር ማሳየቱን ይጠቅሳል። ሜኖ በተባለው ሌላ ድርሳኑ ደግሞ የአንድን ካሬ ስፋት እጥፍ ስለማድረግ ይነሣል፤ መፍትሔውም ከላይ በማሳው ምሳሌ እንደታየው በሰያፉ ላይ ካሬ መሥራት ነው። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 አካባቢ ባዘጋጀው ታላቅ የሒሳብ ሥራ 10ኛውን መጽሐፍ ለእንዲህ ያሉ ርዝመቶች ሰጥቷል። የዳግም ዘር ምልክት √ በኅትመት የታየው ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1525 ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፍ ነው።

ከዳግም ዘር ባሻገር

የጥንድ ቆጠራው ዘዴ ለሌሎች ዘሮችም ይሠራል። ለሣልስ ዘር ብቸኛ ቁጥሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው ማለቅ አለባቸው። 216 = 2 × 2 × 2 × 3 × 3 × 3 ስለሆነ ሣልስ ዘሩ 6 ነው፤ የ16 ሣልስ ዘር ግን ኢራሽናል ነው፤ 2 አራት ጊዜ ገብቶ አንዱ ብቻውን ይቀራልና። እንዲህ የተለየው የ16 ዳግም ዘር ራሽናል ሆኖ ሣልስ ዘሩ ኢራሽናል የሚሆንበት ምክንያትም ከዚሁ ቆጠራ ይታያል፤ አራት ለሁለት ይካፈላል፣ ለሦስት ግን አይካፈልም።

ኢራሽናል ቁጥሮች ሁሉ ከዘር የሚመጡ ግን አይደሉም። የክብ ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር ለሚለካው ርዝመቱ ሲካፈል የሚገኘው ፓይም ኢራሽናል ነው፤ 22/7 የእርሱ ግምት እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም። የፓይን ኢራሽናልነት ዮሐን ላምበርት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲያረጋግጥ ከላይ ከቀረበው የብቸኛ ቁጥሮች ቆጠራ የተለየና እጅግ የከበደ መንገድ አስፈልጎታል።